የጀማሉዲን ኮምፒውተር ዝም ያለበት ክረምት

ሰኔ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ አሁን መመለሴ ነው። እራት አልበላሁም። እየሩስ "ምነው ፊትህ?" ብትለኝ "ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አዙሮኝ ነው" አልኳት። ሚስቴ ናትና አላመነችኝም።

የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው። ዛሬ የዋልኩት ጀማሉዲን ዘንድ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል። ሁለቱም ዓይኖቹ አያዩም፤ በውጤት ግን ክፍሉን ሁሉ ያስከነዳ ነበር፣ እኔንም ጨምሮ። አሁን ኮምቦልቻ የታሪክ አስተማሪ ነው። ክረምት ክረምት እየተማረ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። አማካሪው በጽሑፉ ላይ አርባ ሦስት ቦታ እርማት አዘውበታል። እስከ ነሐሴ 25 አርሞ ካላስገባ ከፕሮግራሙ ይሰረዛል። ሁለቴ ተራዝሞለታልና ሦስተኛ የለም ብለውታል።

ኮምፒውተሩን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ዓምና እዚህ ደሴ፣ ኮምፒውተር የማሠለጥንበት ቢሯችን አምጥቼ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫንኩበት፣ ከኢንተርኔት ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብለትን ፕሮግራም አስገባሁበት። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ድምፁ ጥርት አድርጎ ያነበንብለታል። ስለ ገበያ ታሪክ የነገሩት የባቲና የሐርቡ ሽማግሌዎች ስም ላይ ሲደርስ ብቻ ይወላገዳል፤ ጀማል ያኔ በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ብቻ ቸግሮት ነበር። "አዳዲስ አፕዴቶች አሉ" የሚል ማሳሰቢያ በየጊዜው እየመጣ ንባቡን ያቋርጥበታል። "አቦ አንተ እንየው፣ ይችን ነገር አስወግድልኝ። ሌላ ምንም እንዳትነካብኝ" አለኝ።

የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማሳሰቢያውን ማጥፋት ብቻ። ነገር ግን የሊኑክስ አዲሱ እትም ሲዲ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ከመጣልኝ ሦስት ሳምንት ሆኖት የምሞክርበት ማሽን አጥቼ… ይህን መጻፍ አያስፈልግም። "አንዴ አድሰነው እንገላገል" አልኩት። "ምንም እንዳትነካ ያልኩህስ?" አለ። "ኧረ እመነኝ!" አልኩት። አመነኝ።

መሀል ላይ ረጅም ዝርዝር መጣ። ከማሽኑ የሚነሡት ፓኬጆች (የፕሮግራም ጥቅሎች) እነዚህ ናቸው፣ ይቀጥል ወይ? ይላል። "አዎ" የሚለውን ተጫንኩ። ትንሽ ሄዶ ግማሽ ላይ ተገተረ። አጥፍቼ አስነሣሁት። ተነሣ፤ ስክሪኑም ያማረ ነው። ድምፅ ግን የለም።

ጀማል ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ ቆየና "ምን ሆነ?" አለኝ። "መብራት ሄዶ ነው" አልኩት። ሚስቱ ሸሪፋ ጓዳ ቴሌቪዥን ታይ ነበር። ብቅ ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች። ሰሞኑን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስለከረመ ፈጽሞ ውሸት ነው አይባልም።

ሰኔ 15፣ ረቡዕ

በችኮላ። ሰልጣኞች እየገቡ ነው። የተነሡት፦ አንባቢው ፕሮግራም፣ ድምፅ ሰጪው፣ እነሱ የሚፈልጓቸው አራት። በጠቅላላው ስድስት ፓኬጅ። ጀማል ቤት ኢንተርኔት የለም። ከዚህ አውርጄ በፍላሽ እወስድለታለሁ። እሑድ ያልቃል። ለጀማል ደውዬ "አብሽር፣ እሑድ ያልቃል" ብዬዋለሁ።

ሰኔ 19፣ እሑድ

አላለቀም።

ስድስቱን አስገባሁ፤ ድምፅ ሰጪው ሰባተኛ ካላገኘሁ አልገባም አለ። የሰባተኛውን ስም መዳፌ ላይ ጽፌ ተመለስኩ። ሐረጎ ላይ ዝናብ ይወርድ ነበርና በሚኒባሱ መስኮት በኩል ገብቶ ግማሹን አጠበብኝ።

ሰኔ 26፣ እሑድ

ሰባተኛው ስምንተኛ ይፈልጋል። ስምንተኛውን ሳስገባ ደግሞ ከስድስቱ አንዱ በዚህ የእትም ቁጥር አልስማማም ብሎ ወጣ። ለሰልጣኞቼ "ሊኑክስ ላይ ፓኬጅ ብቻውን አይገባም፤ ጓደኛውን ይጠይቃል" እያልኩ ሳስተምር ይስቁ ነበር። ኢንተርኔት ያለበት ማሽን ራሱ ፈልጎ ያመጣዋል። እኔ ግን አንድ በጎደለ ቁጥር ሳምንት ጠብቄ ሐረጎን መውጣትና መውረድ አለብኝ።

ሸሪፋ "ምን ዓይነት ሽምግልና ነው ባካችሁ? አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል!" አለች። ጀማል ሳቀ። ዛሬ የሳቀው ያቺን አንዴ ብቻ ነው።

ሰኔ 30፣ ሐሙስ

የማሠልጠኛ ቤታችን ኃላፊ አቶ ዳምጤ ከበሩ ውጭ ለአንድ ሰው ሲያወሩ ሰማኋቸው። "እንየው የሰው ማሽን ገድሎ ነው እንዲህ የሚባክነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።" ገብተው ሲያዩኝ "ሥራ እንዴት ነው?" አሉኝ። "ደኅና ነው" አልኳቸው። እኔ ሳልነግራቸው ማን ነገራቸው? ለካ የፓኬጆቹን ስም በቢሮው ፕሪንተር ሳወጣ ከርሜያለሁ።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

አዲስ ሐሳብ። የአሮጌውን እትም ሲዲ ካገኘሁ ከሥር ከመሠረቱ እጭነውና እገላገላለሁ። የኔው ሲዲ ለሰልጣኝ አውሼው ተሰንጥቆ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ሙሉውን ከኢንተርኔት ማውረድ ነው። በኛ መስመር አራት ቀን ይፈጃል። ቢሮ ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጀመርኩት። "ማንም እንዳይነካው" ብዬ ወረቀት ለጥፌበታለሁ።

ለጀማል ደውዬ "በዚህ ሳምንት አበቃ" አልኩት። "ኢንሻአላህ" አለ። አንድ ሌላ ነገር ሊናገር ጀምሮ ተወው።

ሐምሌ 7፣ ሐሙስ

ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ደርሶ መብራት ሄደ።

(ይህኛው እውነት ነው።)

ሐምሌ 8፣ ዓርብ

ካቆመበት አይቀጥልም። ከዜሮ።

ሐምሌ 13፣ ረቡዕ

ሠላሳ አራት በመቶ። ተቋረጠ። አቶ ዳምጤ መስመሩ ለሥልጠና ያስፈልጋል አሉኝ። "አንተ ኮ ከርሞ ጥጃ ሆንክብኝ" ብለው ወረቀቴን ገንጥለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። እውነታቸውን ነው። ምን እላቸዋለሁ?

ሐምሌ 17፣ እሑድ

ዛሬ ሳላስታውቅ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሳላንኳኳ ቆምኩ።

ሸሪፋ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው፤ እንግሊዝኛ አታነብም። ፊደሎቹን ግን ታውቃቸዋለች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች አንድ በአንድ ትጠራለታለች፦ ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ኬ፣ ኢ፣ ቲ። እሱ አጠገቧ ዓይኑን ጨፍኖ ፊደሎቹን ይገጣጥምና "ማርኬት፤ ቀጥይ" ይላታል። እርማት ያለበት ቦታ ሲደርሱ እሱ ኪቦርዱን ስቦ ይጽፋል፤ እሷ ደግሞ የጻፈውን መልሳ ፊደል በፊደል ትጠራለታለች። እኔ በቆምኩበት ጊዜ ውስጥ አንድ መስመር አልጨረሱም። ጽሑፉ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው።

ሳልኩና ገባሁ። ሸሪፋ ብድግ አለች፤ "ጉሮሮዋ ደረቀ ምስኪን" አለኝ ጀማል። የያዝኩትን ፓኬጅ ሞከርኩ። ዘጠነኛውን ይፈልጋል።

ሌላ ሰው አንብብልን እንዳይሉ አስተማሪው ሁሉ ለክረምት ተበትኗል። ላንብብልህ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ቀን! ለምን አላልኩም? ሲመላለስብኝ ከመሸ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ለማትሪክ ስንዘጋጅ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ሆጤ ሜዳ ዳር ተቀምጠን ከሰዓት በኋላ በሙሉ። ታሪኩን በደንብ አነበብኩለት፤ እኔም ስለምወደው። ጂኦግራፊ ሲሆን ግን ይሰለቸኛል፤ ኳስ የሚጫወቱት ይጠሩኛል። ገጽ እየዘለልኩ አነበብኩለት። የማያይ ሰው በምን ያውቃል ብዬ። ፈተናው ከዘለልኩት ገጽ መጣ፤ በጂኦግራፊ ዝቅተኛ ያገኘው በሕይወቱ ያኔ ብቻ ነው። የተመኘው ሕግ ትምህርት ቤት በዚያች ነጥብ አመለጠው። ታሪክ ገባ። "ኸይር ነው፣ ታሪክም እወዳለሁ" አለ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእየሩስም። ኮምፒውተር እንዲያነብለት ያን ያህል የለፋሁት ለምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ "ጓደኛዬ ነዋ" እላለሁ።

ያን ዝርዝርም አላነበብኩትም። የሚነሡት ፓኬጆች እነዚህ ናቸው ሲለኝ፣ ዓይን ያለኝ እኔ ነበርኩ።

ሐምሌ 25፣ ሰኞ

ጀማል ጋ ደወልኩ። ረመዳን ዛሬ ገባ። "እንኳን አደረሳችሁ" አልኩት። "ዘጠነኛውን አገኘሁት" አልኩት። "ጀዛከላህ" ብሎ አመሰገነኝ። ድምፁ ደከም ያለ ነው። ሃያ ስምንተኛው ገጽ ላይ ናቸው።

ሐምሌ 29፣ ዓርብ

ዘጠነኛው የዚያ ማሽን ዓይነት አይደለም። ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ የሚሠራውን ነው ያወረድኩት። ስሙ መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ሳላነብ!

እየሩስ ለእናቷ በስልክ "ሰውዬው ከማሽን ጋር ታሟል እማዬ፣ ሲተኛ ቁጥር ይቆጥራል" ስትል ሰማኋት።

ነሐሴ 8፣ እሑድ

እኔ ፍልሰታን፣ እነሱ ረመዳንን፤ ሁላችንም በጾም ላይ ነበርን። ትክክለኛውን ዘጠነኛ ይዤ ሄጄ ነበር። ገባ። ከዚያ ዐሥረኛ ጠየቀ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት።

"ጀማል፣ ላንብብልህ" አልኩ። "ከነገ ጀምሬ ፈቃድ እወስዳለሁ። እዚሁ አድሬ አነብልሃለሁ። በሞቴ።"

ሸሪፋ እኔን አየች፣ እሱን አየች። ተነሥታ ወጣች።

"እንየው" አለ ጀማል፣ ቀስ ብሎ። "ያን ቀን ቴሌቪዥኑ አልጠፋም።"

"የቱን ቀን?" አልኩ፣ እያወቅኩ።

"መብራት ሄደ ያልከኝ ቀን። ጓዳ ዜና ይወራ ነበር። ማሽኑንም አንተው ራስህ ስታጠፋው የቁልፉን ድምፅ ሰምቻለሁ። ወላሂ፣ ያኔውኑ ተሳሳትኩ ብትለኝ ስቀን እናልፈው ነበር። ሰው አይሳሳትም እንዴ?"

"ሳምንት አይፈጅም ብዬ እኮ…"

"ቆይ፣ ልጨርስ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስታነብልኝም ገጹን ሁለት ሁለት እያደረግህ ትገልጥ ነበር። እሰማው ነበር። ምን ልበልህ? አንብብልኝ ብዬ የለመንኩህ እኔ ነኝ፤ የለመነ ሰው አይቆጣም። ሸሪፋ ቀርፋፋ ናት፤ እንግሊዝኛም አታውቅም። ግን አንዲት ፊደል አታስቀርብኝም። ከእሷ ጋር እጨርሰዋለሁ፤ ካልጨረስኩም አልጨረስኩም።"

አልጮኸም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ውስጥ ነበረች። እኔ ግን "ዐሥረኛውን ለማንኛውም ላምጣልህ?" አልኩት። "እንዳሻህ" አለኝ።

እንዴት ያለሁ ከንቱ ሰው ነኝ! ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ሐዘን ነው ልጄ?" አሉኝ። "አዎ እማማ" አልኳቸው። "እግዜር ያጽናህ" አሉኝ። እሳቸውንም አታለልኳቸው።

ነሐሴ 15፣ እሑድ

አልሄድኩም። ሐረጎ ላይ ናዳ ወርዶ መንገድ ተዘግቷል አሉ። ደግሞም ዝናብ ነው፤ ደግሞም ዐሥረኛው ገና አልወረደም።

ነሐሴ 16፣ ሰኞ

ከኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰልጣኝ አለኝ። "ናዳውን እንዴት አለፍከው?" ብዬ ብጠይቀው "የምን ናዳ ጋሼ?" አለኝ።

ነሐሴ 24፣ ማክሰኞ

ዒድ ነው። ደወልኩ፤ ሸሪፋ አነሣችው። "ዒድ ሙባረክ" አልኳት። "ጀማል የለም?" አልኳት። "አለ፤ ተኝቷል" አለች። ዒድ ቀን በሰባት ሰዓት ማን ይተኛል? "እስከ የት ደረሳችሁ?" አልኳት። "ሰባ አራት" አለች። ነገ ነው ቀኑ።

"ሌሊቱን ብንቀጥል ብዬው ነበር" አለች ደግሞ። "ዓይንሽ ቀልቷል አሉ፣ ይብቃሽ አለኝ። የኔ ዓይን ምን ይሆናል ወንድሜ? ዓይን እኮ ነው።" ከዚያ ስልኩን ዘጋችው።

ነሐሴ 27፣ ዓርብ

ጀማል ያለቀውን ያህል ልኮ ነበር። አማካሪው በስልክ ነገሩት፦ ግማሹ ታርሞ ግማሹ ያልታረመ ጽሑፍ አይቀበሉም። ስሙ ተሰርዟል። አምስት ክረምት። ከባቲ እስከ ሐርቡ በየገበያው እየዞረ በቴፕ የቀዳቸው ሽማግሌዎች ግማሾቹ ሞተዋል። ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ የነበሩት እነሱ ነበሩ።

ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም። ሸሪፋ ናት፣ ለእየሩስ ደውላ።

ጳጉሜ 2፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩ ሳሎናችን ውስጥ ነው። በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ ኪቦርዱ ከላይ ታስሮ። ሸሪፋ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ ደግሞ በባጃጅ አምጥታው ሄዳለች። እየሩስ ተቀመጪ ብትላት አልተቀመጠችም። "ቦታ ይዞብናል፤ ጀማል ለልጆቻችሁ ይሁን ብሏል" ብላታለች። ልጆች የሉንም።

ጳጉሜ 4፣ ዓርብ

ሁለት ቀን ከነአንሶላው ተውኩት። ዛሬ ፈታሁት፤ ሰክቼ አስነሣሁት። ምን ልሠራበት እንደሆነ አላውቅም። የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ አልቸኮልኩም። የስሕተቱን መልእክት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከዚያ ማሽኑ ዕቃውን የሚያኖርበትን ቦታ ከፈትኩ።

ሁሉም እዚያ ናቸው። አንባቢው፣ ድምፅ ሰጪው፣ አራቱ ጓደኞቻቸው፣ ሰባተኛው፣ እስከ ዐሥረኛውና ከዚያም በላይ። ዓምና እዚህ ቢሮ ከኢንተርኔት ስጭንለት የወረዱት፣ እርስ በርሳቸው የሚስማሙት አሮጌዎቹ። ሊኑክስ ያወረደውን ፓኬጅ ከጫነ በኋላ አይጥልም፤ አጥፋ ካላሉት እዚያው ማሽኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህን አውቃለሁ። ለሰልጣኞች አስተምረዋለሁ! ምዕራፍ አራት ላይ አለ፤ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ በፍላሽ ሳመላልስ ጀማል ጉልበት ሥር ነበሩ።

መልሼ ለመጫን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ዐሥራ አንድ ደቂቃ! አስነሣሁት። ተናገረ። እየሩስ ከጓዳ እየሮጠች መጣችና "መጣ? ድምፁ መጣ?" አለች። ጽሑፉን ከፈትኩት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ያዘ። አርእስቱን፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ ከዚያ የምስጋናውን ገጽ። አላህን ያመሰግናል። እናቱን። ሸሪፋን። ከዚያ ድምፁ ተወላገደ፤ ስሜን እየጠራ ነበር። የሚለው በአማርኛ ይህን ያህል ነው፦ "ለእንየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬን ዘግቼ ብቻዬን እንዳነብ ስላደረገኝ።"

በግንቦት የጻፈው ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግን ሸሪፋ ፊደል በፊደል የጠራችለት ከዚሁ ገጽ ጀምራ ነው። ሁሉንም ካወቀ በኋላ እዚህ መስመር ላይ ደርሷል፤ ስሜን በአምስት ፊደል ሰምቶታል። አላጠፋውም።

"በል ደውልለት እንጂ!" አለች እየሩስ። "ምን ትጠብቃለህ?"

"ነገ ራሴ ይዤው እወርዳለሁ" አልኳት።

ጳጉሜ 6፣ እሑድ

አልወረድኩም። ዐሥራ አንድ ደቂቃ መሆኑን ምን ብዬ እነግረዋለሁ? እየሩስ አላናገረችኝም። መልሼ በአንሶላው ጠቀለልኩት።